ሰው የማይኖርበት ምድር ሕግ፤ ከአል-ማንሺያ የተነሣ ጥያቄ

በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምናነሣው የቅርባችንን ጉዳይ መሆኑን አንባቢያን ያውቃሉ። የገበያው ዋጋ፣ የጉድጓዱ ውኃ፣ የመንገዱ ጥገናና የዘማቹ ቤተሰብ ኑሮ ከዚህ ገጽ ጠፍተው አያውቁም። ዛሬ ግን ከእኛ እጅግ ወደራቀው የምድር ጫፍ፣ ዛፍ የሚባል ነገር ወደማይበቅልበት ወደ ደቡብ ዋልታ እንሻገራለን። ወደዚያ የመራን የጂኦግራፊ መጽሐፍ አይደለም። በካርቱም ከተማ በአል-ማንሺያ ሰፈር ቡና ከምትሸጥ ከአንዲት የአገራችን ልጅ አፍ የወጣ ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ የሱዳን ጦርነት ገና ሳይፈነዳ፣ በሥራ ጉዳይ ካርቱም ሰንብተን ነበር። አል-ማንሺያ ከከተማይቱ በስተምሥራቅ፣ እኛ ጥቁር ዓባይ፣ ሱዳኖች ባሕር አል-አዝረቅ በሚሉት ወንዝ ዳር ያለ፣ ባለጸጎችና ምሁራን የሚኖሩበት ሰፈር ነው። በስሙ የሚጠራው ድልድይ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ዓባይ ክፍል ይወስዳል። ከሰፈሩ በስተደቡብ ወንዙን ይዘው ሲሄዱ ብዙ ወገኖቻችን ይኖሩበት የነበረው አል-ጀሪፍና የጡብ መተኮሻ ምድጃዎቹ ይገኛሉ። ጡቡ የሚሠራው ወንዙ በክረምት ጠርጎ ከሚያመጣው ደለል ነው። የጎጃምና የወሎ አፈር በካርቱም ቤት ሆኖ ቆሟል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አስተናጋጃችን በጡረታ የተገለሉ ሱዳናዊ የሥነ-ምድር ባለሙያ ነበሩ። ወደ ማታ በወንዙ ዳር ከአንዲት ጀበና ፊት በርጩማ ይዘን ተቀመጥን። ቡናውን የምትቀዳው ከጎንደር የመጣች፣ ዕድሜዋ ሠላሳ ገደማ የሚሆን ሴት ናት። ሽማግሌውን በአረብኛ «ዐሚ»፣ እኛን ደግሞ በአማርኛ «ወንድሞቼ» እያለች ታስተናግዳለች። ስለ ወርቅ ሲወራ ሰምታ ሲኒውን ከሞላች በኋላ የራሷን ጨመረች። ታናሽ ወንድሟ በአቡ ሐመድ በረሃ ወርቅ ከሚፈልጉት ጋር ሦስት ዓመት ሠርቷል። ባለፈው ፋሲካ ሊጠይቃት መጥቶ እንደዚህ ያለ ሲኒ በእጁ መያዝ አቅቶት አየችው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የተናገረውን ይረሳል፤ ድዱ ይደማል።

ሽማግሌው ምክንያቱን ሳይጠይቋት ዐወቁት። ወርቅ ፈላጊው የተፈጨውን ድንጋይ ከባዜቃ ጋር ያሸዋል፤ ባዜቃው ወርቁን ይዞ ይወጣል፤ ከዚያም በቆርቆሮ ላይ አድርጎ በእሳት ያተነዋል። ባዜቃው ተንኖ ሲሄድ ወርቁ ይቀራል። የተነነው ግን የትም አይጠፋም፤ በሠሪው ሳንባ አልፎ ወደ ነርቩ ይገባል። «ወንድምሽ በቤት ውስጥ ያተነው ነበር?» አሏት። «ሌባ እንዳያየው በሩን ዘግተው ነው የሚሠሩት» አለች።

ከዚያም ሽማግሌው ወደ እኛ ዞረው፣ «በዓለም ላይ መንግሥታት ተስማምተው ማዕድን ማውጣትን ፈጽሞ የከለከሉበት አንድ አህጉር አለ፤ የደቡብ ዋልታ ምድር ነው» አሉ። እኛ ቃላቸውን ወደ አማርኛ ስንመልስላት ጀበናዋን አስቀምጣ፣ «እዚያ የሚኖረው ማን ነው?» አለች። ማንም አይኖርም አልናት። «ታዲያ ሰው ለሌለበት አገር ያን ያህል ሕግ ካወጡ፣ ለእኛስ ማን ያውጣልን?»

መልስ አልነበረንም። ዛሬም የተሟላ መልስ አለን አንልም። ነገር ግን ጥያቄው ስላልለቀቀን የዋልታዎቹን ሕግና ታሪክ መርምረን ያገኘነውን ለአንባቢያን እናቀርባለን። ዓመቶቹ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወታደር ያለ መሣሪያ የሚሰማራበት ምድር

አንታርክቲካ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው አህጉር ነው። የኢትዮጵያን ስፋት ከአሥራ ሁለት ጊዜ በላይ ይበልጣል። ከመቶ ዘጠና ስምንቱ እጅ በበረዶ የተሸፈነ ሲሆን የበረዶው ውፍረት በአማካይ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከበረዶው በታች ያለው ግን እንደ ማንኛውም አህጉር ዐለትና ማዕድን ነው። የእንግሊዙ አሳሽ ሻክልተን በ1908 ወደ ዋልታው ሲገሠግሥ ከጓዶቹ አንዱ በተራራ ጥግ የድንጋይ ከሰል አገኘ። በልዑል ቻርልስ ተራሮች የብረት ማዕድን መኖሩ የተረጋገጠ ነው። ከሰል በበረዶ አገር መገኘቱ ሊያስገርመን አይገባም፤ በጥንት ዘመን ያ ምድር ከአፍሪካ፣ ከሕንድና ከአውስትራሊያ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ ደን ለብሶ ነበር። በአንጻሩ የእኛው ትግራይ የበረዶ አገር የነበረበት ዘመን አለ። በእንትጮና በዕዳጋ ዓርቢ ያሉት ዐለቶች ግግር በረዶ ጎትቶ ያከማቻቸውን ድንጋዮች እንደያዙ ይገኛሉ። በእንትጮ ያለው ከአራት መቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በዚያ አካባቢ የዘመተ የሠራዊታችን አባል ሁሉ የቀድሞ የዋልታ መሬት ረግጦ አልፏል ማለት ነው።

ሰባት አገሮች፣ ማለትም እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ኖርዌይ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ አርጀንቲናና ቺሌ፣ ከዚህ አህጉር ድርሻ አለን ብለው በካርታ ላይ መስመር አስምረዋል። የአንዱ መስመር የሌላውን ይቆርጥ ስለነበር ጠቡ በጊዜው ካልተገታ ወደ ጦርነት ማምራቱ የሚጠበቅ ነበር። ስለዚህ በታኅሣሥ ወር 1959 አሥራ ሁለት መንግሥታት ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው አንድ ውል ፈረሙ፤ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በዚያ በቀዝቃዛው ጦርነት ወቅት ጎን ለጎን ሆነው ፈርመዋል። ውሉ በ1961 ጸና። የይገባኛል ጥያቄውን አልሰረዘውም፤ አላጸደቀውምም። ባለበት እንዲቆም አደረገው።

ለወታደር አንባቢያን ከሁሉ ይልቅ የሚስበው የውሉ አንደኛ አንቀጽ ነው። አህጉሩ ለሰላማዊ ተግባር ብቻ እንዲውል ይደነግጋል፤ የጦር ሠፈር መሥራት፣ የጦር ልምምድ ማድረግና መሣሪያ መሞከር ክልክል ነው። ነገር ግን ወታደርን አላባረረም። የጦር ሠራዊት ሰዎችና መሣሪያዎች ለሳይንስ ምርምርና ለሌላ ሰላማዊ ሥራ እንዲሰማሩ ይፈቅዳል። በዚህም መሠረት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለአሜሪካ የምርምር ጣቢያዎች ስንቅ የሚያደርሱት የአሜሪካ ጦር አውሮፕላኖችና መርከቦች ናቸው፤ የአርጀንቲናን የማራምቢዮ ጣቢያም የሚያስተዳድረው የአገሪቱ አየር ኃይል ነው። በሙያው የተካነ ሠራዊት ሳይተኩስ አገር ሊያገለግል የሚችልበት መስክ እንዲህ ሰፊ ነው።

ሌላም ትልቅ ነገር አለ። ማንኛውም ሙሉ ድምፅ ያለው አባል አገር ተቆጣጣሪዎቹን ልኮ የሌላውን አገር ጣቢያ፣ መጋዘንና መርከብ በማንኛውም ጊዜ ሊያስፈትሽ ይችላል። አሜሪካኖች የሩሲያን ጣቢያ፣ ሌሎችም የአሜሪካኖችን ጣቢያ ከፍተው አይተዋል። በእኛ አስተያየት የዚህ ሕግ የጀርባ አጥንት ይህ አንቀጽ ነው። ክልከላን በወረቀት ማስፈር ለማንም አይከብድም። ጎረቤት ገብቶ እንዲያይ በር መክፈት ግን ለየትኛውም መንግሥት ቀላል አይደለም።

ለጥቂት የተረፈው አህጉር

ይሁን እንጂ የ1959ኙ ውል ስለ ማዕድን አንዲትም ቃል አልተናገረም። በዚያን ጊዜ ማንም ከሁለት ኪሎ ሜትር በረዶ በታች ይቆፈራል ብሎ አላሰበም ነበር። ሐሳቡን የለወጠው በ1973 የነዳጅ ዋጋ ማሻቀቡ ነው። በድንገት ዓይን ሁሉ በአህጉሩ ዙሪያ ወዳሉት ባሕሮች ዞረ። የውሉ አባላትም ለብዙ ዓመታት ተደራድረው በሰኔ 1988 ዌሊንግተን ላይ የማዕድን ሥራን የሚመራ ስምምነት አጸደቁ። ልብ ይባል፤ ስምምነቱ ማዕድን ማውጣትን አልከለከለም። በጥብቅ ቁጥጥር ሥር እንዲፈቀድ ነበር የታሰበው።

በዚህ መካከል የታዳጊ አገሮች ድምፅ ተሰማ። በ1982 የማሌዢያው ጠቅላይ ሚኒስትር ማሐቲር በተባበሩት መንግሥታት ጉባዔ ላይ፣ የዓለምን አንድ አህጉር ጥቂት አገሮች በጓዳ ሊመክሩበት አይገባም ሲሉ ጉዳዩን አነሡ። በ1985 በአዲስ አበባ የተሰበሰበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤትም አንታርክቲካ የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ቅርስ ናት የሚል አቋም ወሰደ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ በዘር መድሎ ትገዛ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ከውሉ ስብሰባዎች እንድትገለል ጠየቀ። ከአፍሪካ የውሉ መሥራች እርሷ ብቻ ነበረች። ስለ በረዶው ዕጣ የተነገረ አንድ ቃል ከእኛው መዲና መውጣቱን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር።

የዌሊንግተኑን ስምምነት የገደለው ግን ንግግር ብቻ አልነበረም። በጥር 28 ቀን 1989 ባሂያ ፓራይሶ የተባለች የአርጀንቲና የባሕር ኃይል መርከብ በአሜሪካ የፓልመር ጣቢያ አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጭታ ተቀደደች። ይህች መርከብ በ1982 የማልቪናስ ጦርነት ቁስለኞችን ያመላለሰች ናት። በላይዋ የነበሩት ሁሉ ተርፈዋል፤ ነገር ግን ስድስት መቶ ሺህ ሊትር ያህል ናፍጣ ፈስሶ የባሕር ወፎችንና በዳርቻው ያሉትን ፍጥረታት ጎዳ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ በሰሜን በኩል፣ በአላስካ የባሕር ወሽመጥ፣ ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው የነዳጅ መርከብ አርባ ሚሊዮን ሊትር የሚገመት ድፍድፍ ዘይት አፈሰሰች። ዓለም በቴሌቪዥን ዘይት የለበሱ ወፎች ሲሞቱ አየ። በቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ዘይት እንደ ሞቃት ባሕር ቶሎ አይበሰብስም፤ እስከ ዓመታት ድረስ ይቆያል።

በ1989 የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆክ ስምምነቱን አንፈርምም አሉ። የፈረንሳዩ ሮካርም ተከተሏቸው። ይገባናል ከሚሉት ሰባት አገሮች አንዱ እንኳ ከቀረ ስምምነቱ ሊጸና ስለማይችል፣ የስድስት ዓመት ድርድር የወለደው ሰነድ ሳይጸና ሞተ። በቦታው በጥቅምት 4 ቀን 1991 ማድሪድ ላይ ሌላ ፕሮቶኮል ተፈረመ። ሰባተኛው አንቀጽ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ከሳይንስ ምርምር በቀር ማናቸውንም ከማዕድን ጋር የተያያዘ ሥራ ይከለክላል። ፕሮቶኮሉ በጥር 1998 ጸና።

በፕሮቶኮሉ መሠረት አንድ ጣቢያ ከመሠራቱ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት መጠናት አለበት፤ ቆሻሻም ከአህጉሩ ተጭኖ መውጣት አለበት። አሳሾች ለብዙ ዓመታት መንሸራተቻቸውን ያስጎተቷቸው ውሾች እንኳ ለአቆስጣዎች በሽታ እንዳያስተላልፉ ተብሎ እስከ ሚያዝያ 1994 ድረስ ተጠቃለው ወጥተዋል። ውሻ ያባረረ ሕግ ቆፋሪን ባይምር አይደንቅም።

በየጋዜጣው «እገዳው በ2048 ያበቃል» እየተባለ የሚጻፈው ስሕተት መሆኑን እዚህ ላይ ማረም እንወዳለን። በ2048 የሚሆነው፣ ሙሉ ድምፅ ያለው አንድ አባል ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ጉባዔ ለመጥራት መቻሉ ነው። እገዳውን ለማንሣት የብዙኃኑ አባላት ድምፅ፣ በውስጡም በ1991 ሙሉ ድምፅ ከነበራቸው አገሮች የሦስት አራተኛው ስምምነት፣ ከዚያም በላይ ማዕድን ማውጣትን የሚገዛ ሌላ አስገዳጅ ሕግ መኖር ያስፈልጋል። በሩ በቁልፍ ላይ ቁልፍ ተደርጎበታል። ሆኖም ጉድለት የለበትም አንልም። ጉዳት ያደረሰ ወገን ካሣ የሚከፍልበት ተጨማሪ ክፍል በ2005 ስቶክሆልም ላይ ቢጸድቅም፣ የሚፈለገው ያህል አገር ሳያጸድቀው ለብዙ ዓመታት ተንጠልጥሎ ቆይቷል። መከልከል ላይ የተስማሙ መንግሥታት መክፈል ላይ ሲደርሱ እግራቸው ይከብዳል።

ሰው የሚኖርበት በረዶ

የቡና ሻጯ ጥያቄ በትክክል የሚፈተነው በሰሜኑ ዋልታ ነው። ደቡቡ በባሕር የተከበበ አህጉር ሲሆን ሰሜኑ በአገሮች የተከበበ ባሕር ነው። በዚያ ሰው ይኖራል፤ መንግሥት አለ፤ ግብር ይከፈላል። አንድ ወጥ ክልከላም የለም።

በሰሜን ካናዳ የሎውናይፍ በምትባለው ከተማ ዳር ጃያንት የተሰኘ የወርቅ ጉድጓድ ከ1948 እስከ 2004 ሠርቷል። ወርቁ ከአርሰኒክ ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ ድንጋዩ ሲጠበስ የአርሰኒክ ጢስ ይወጣ ነበር። ጢሱ በበረዶው ላይ ያርፋል፤ ነባሮቹ የዴኔ ሰዎች ደግሞ በረዶ አቅልጠው ይጠጣሉ። በ1951 አንድ ሕፃን በዚሁ መርዝ ሞተ። በኋላ ጢሱን እያጠመዱ በዱቄት መልክ ከመሬት በታች አከማቹት፤ 237,000 ቶን ሆነ። በ1999 ባለቤቱ ኩባንያ ከሠረ። ወርቁ ተሽጧል፤ ትርፉ ተከፋፍሏል፤ መርዙ ግን ለመንግሥት ቀረ። የካናዳ መንግሥት አሁን ጉድጓዱን በማቀዝቀዣ ቧንቧ ዙሪያውን አቀዝቅዞ መርዙን በበረዶ ውስጥ ለዘለዓለም ለማሰር እየሠራ ነው። ወጪው በ2022 ሲገመት ከአራት ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ነበር። ካናዳ ሀብታም አገር ስለሆነች ከፈለች። ድሃ አገር ቢሆን ኖሮ የሚከፍለው ሕዝቡ በጤናው ነበር።

ግሪንላንድ ሌላ መንገድ ይዛለች። በ1973 ተከፍቶ በ1990 የተዘጋው የጥቁር መልአክ እርሳስና ዚንክ ማውጫ ዝቃጩን ወደ ባሕሩ ወሽመጥ ይደፋ ስለነበር፣ እርሳሱ ከተዘጋም በኋላ ለአሥርት ዓመታት በባሕር ቀንድ አውጣዎችና በዓሣ ላይ ሲለካ ኖሯል። ይህን ያየ ሕዝብ በ2021 ምርጫ ናርሳቅ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ሊከፈት የነበረውን የዩራኒየምና የብርቅ ማዕድናት ጉድጓድ የሚቃወመውን ፓርቲ መረጠ። በኅዳር ወር ምክር ቤቱ ከተወሰነ መጠን በላይ ዩራኒየም ያለበትን ማዕድን ማውጣት ከለከለ። ግሪንላንድ ከዴንማርክ ሙሉ በሙሉ ራሷን ለመቻል ገንዘብ የሚያስፈልጋት አገር መሆኗን ስናስብ ውሳኔው ቀላል እንዳልነበረ እንረዳለን።

ኖርዌይን በተመለከተ ፍርዳችን ሁለት ገጽ አለው። በ1920 በፓሪስ በተፈረመው ውል የስቫልባርድ ደሴቶች በኖርዌይ ሉዓላዊነት ሥር ሆነው፣ የፈራሚ አገሮች ዜጎች ሁሉ በእኩልነት ማዕድን እንዲያወጡ ተፈቀደ። በ2002 የጸናው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ግን በዚያ የሚሠራ ሁሉ ዱካውን አጥፍቶ እንዲወጣ ያስገድዳል። በዚህም መሠረት የስቬያ ከሰል ማውጫ ሲዘጋ ሕንጻው፣ መንገዱና ማረፊያው ፈርሶ መሬቱ ወደ ቀድሞ መልኩ እንዲመለስ ተደርጓል፤ ከ1946 በፊት የተሠራው ብቻ እንደ ቅርስ ቀርቷል። ሆኖም ይኸው መንግሥት በጥር 2024 በአርክቲክ ባሕር ወለል ላይ ማዕድን እንዲፈለግ በምክር ቤቱ አስፈቀደ። በታኅሣሥ ወር በበጀት ድርድር አንድ ትንሽ ፓርቲ ስላስገደደው የመጀመሪያውን የፈቃድ ዙር አቆመው። የብሱን የሚያጸዳ እጅ ባሕሩን ለመቆፈር ሲዘረጋ ማየት ያሳዝናል።

ከጅዳና ከፖርት ሱዳን መካከል

ሽማግሌው አስተናጋጃችን ስለ ዋልታ ያወቁት በመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። ሙያቸው የጀመረው በሌላ ጥልቅ ስፍራ፣ በቀይ ባሕር ወለል ጉዳይ ነበር። በጅዳና በፖርት ሱዳን መካከል፣ ከሁለት ሺህ ሜትር ጥልቀት በታች፣ በ1960ዎቹ በተገኘ አንድ ጎድጓዳ ስፍራ ስድሳ ዲግሪ የሚያልፍ የጋለ ጨዋማ ውኃ ተኝቷል። ከሥሩ ያለው ጭቃ ዚንክ፣ መዳብና ብር ይዟል። ስፍራው አትላንቲስ ሁለት ይባላል። በግንቦት 16 ቀን 1974 ሱዳንና ሳውዲ አረቢያ ካርቱም ላይ ውል ፈርመው፣ ከአንድ ሺህ ሜትር ጥልቀት በታች ያለውን የባሕር ወለል የጋራ ሀብታቸው አደረጉ። ሁለት አገሮች ድንበር ሳይካለሉ ሀብት ለመካፈል መስማማታቸው በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነበር።

በ1979 ሴድኮ 445 በተባለች መርከብ ጭቃውን በረጅም ቧንቧ መምጠጥ ተሞከረ፤ ሙከራውም ሠራ። ከዚያ ጎን ለጎን የባሕር ሳይንስ ሊቃውንት ዝቃጩ ወደ ባሕሩ ሲመለስ ምን ያደርሳል የሚለውን አጠኑ። ከላይ ቢደፋ የኮራሉን ሪፍና ዓሣውን ያጠፋል፤ ስለዚህ ከአንድ ሺህ ሜትር በታች ወርዶ መለቀቅ አለበት አሉ። ጥናቱ ከሥራው ቀድሞ መካሄዱን እዚህ ላይ እናመሰግናለን። በኋላ ዋጋው ስላላዋጣ ማውጣቱ ቀረ፤ በ2010 እንደገና ፈቃድ ቢሰጥም ጭቃው ዛሬም በስፍራው ነው። ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ «የእኛን ባሕር ያዳነው ሕግ ሳይሆን የዚንክ ዋጋ መውረድ ነው» ብለውን ነበር። ሳውዲ አረቢያ በ2024 የአንታርክቲካን ውል መቀበሏን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ። ኢትዮጵያም ሱዳንም እስካሁን የውሉ አባል አይደሉም።

በየብሱ ላይ ያለው ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል የነዳጁ ገቢ አብዛኛው አብሮ ሄደ፤ ሱዳንም ወደ ወርቅ ዞረች። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በረሃ ወረደ። በባዜቃ ታጥቦ የተረፈውን ዝቃጭ ሱዳኖች ካርታ ይሉታል፤ ያንን ገዝተው በሳይናይድ የሚያጥቡ ሌሎች አሉ። በደቡብ ኮርዶፋን ሕዝቡ ተነሥቶ ከተቃወመ በኋላ በጥቅምት 2019 የሽግግሩ መንግሥት ባዜቃና ሳይናይድ በማዕድን ሥራ ላይ እንዳይውሉ ከለከለ። የቡና ሻጯ ወንድም በሩን ዘግቶ ባዜቃ ያተነው ከዚህ ክልከላ በኋላ ነው። ከአንታርክቲካ ጋር ያለው ልዩነት በዚህ ይታያል። ካርቱም ላይ የወጣው ትእዛዝ አቡ ሐመድ ደርሶ በር የሚያንኳኳ ተቆጣጣሪ አልነበረውም።

ወደ ራሳችን አገር ስንመለስም መመካት አንችልም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ዐዋጅ ቁጥር 299 እና በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች ዐዋጅ ቁጥር 678፣ ጥናት ሳይቀድም ማዕድን እንዳይወጣ፣ ፈቃድ ያገኘውም የቆፈረውን መሬት መልሶ የሚያለማበትን ገንዘብ እንዲመድብ ያዝዛሉ። ዐዋጆቹ መልካም ናቸው። ነገር ግን በጉጂ ዞን በሻኪሶ አጠገብ የለገደምቢ ወርቅ ማውጫ አካባቢ ነዋሪዎች ልጆቻችን ጤና አጥተው ይወለዳሉ፣ ከብቶቻችንም ይሞታሉ ብለው አደባባይ የወጡት ዐዋጆቹ ከጸኑ ከዓመታት በኋላ ነው። መንግሥት በግንቦት 2010 ዓ.ም. ፈቃዱን ያገደው ያ ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ ነው። ሕጉ አስቀድሞ ሊያነሣው የሚገባውን ጥያቄ ሕዝቡ በእግሩ ቆሞ አነሣው። ተቆጣጣሪው የሚመጣው ሕዝቡ ከጮኸ በኋላ ከሆነ፣ የሚመረምረው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው።

አንድ ክርክር ሳናነሣ ብናልፍ ታማኝ አንሆንም። አንዳንዶች፣ የጠገበ አገር ቢከለክል ያምርበታል፤ የተራበ ግን ምን ይብላ ይሉናል። እውነትነት አለው። የአቡ ሐመዱ ወጣት ሥራ ቢያገኝ ባዜቃ አይነካም ነበር። ሆኖም ግሪንላንድ ሀብታም ስለሆነች አልከለከለችም፤ ካናዳም ሀብታም መሆኗ ሕፃኑን አላዳነም። ባዜቃን የሚይዝ ክዳን ያለው ቀላል ማሰሮ መሥራት ዲታ መሆን አይጠይቅም። እንዲህ ያለው መሣሪያ በብዙ አገሮች በባህላዊ ወርቅ አውጪዎች ዘንድ ይሠራበታል፤ ባዜቃውም ስለማይባክን ለሠሪው ገንዘብ ያተርፍለታል።

ከዚያ ወዲህ

በሚያዝያ 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። የማንሺያ ድልድይ በተፋላሚዎች እጅ ወደቀ፤ የሱዳን ጦር መልሶ የያዘው በመጋቢት 2025 ነው። በታኅሣሥ 2023 ጦርነቱ በጥቁር ዓባይ ዳር ወደምትገኘው ወደ ዋድ መዳኒ ዘለቀ፤ በዚያ የነበረው የአገሪቱ የዘር ባንክ ተዘረፈ። ሱዳን ለብዙ ዘመን የሰበሰበችው የማሽላ ዓይነት በዚያ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስንሰማ ያ የማታ ወግ ትዝ አለን። በየካቲት 2025 ከሱዳን የተላኩ የአሥራ አምስት ዓይነት እህሎች ዘር፣ ከእነዚህም ልዩ ልዩ የማሽላ ዝርያዎች፣ በስቫልባርድ ደሴት በበረዷማ ተራራ ሆድ ውስጥ በተሠራው የዓለም የዘር ማከማቻ ገቡ። ማከማቻው በ2008 ከመከፈቱ በፊት የሰሜን አገሮች ዘራቸውን ያስቀምጡ የነበረው በዚያው ደሴት ሥራ ባቆመ የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ሰው ቆፍሮ ከሰሉን ያወጣለት ተራራ ዘር ማኖሪያ ሆነ፤ የጥቁር ዓባይ ዳር ማሽላም ዛሬ ከሰሜን ዋልታ በረዶ ጋር ይኖራል።

የቡና ሻጯን ከጦርነቱ በኋላ ያገኘናት በስልክ ነው። በግንቦት 2015 ዓ.ም. በመተማ በኩል አገሯ ገብታለች፤ አሁን ጎንደር ከተማ ቡና ትሸጣለች። ጀበናዋን ከአል-ማንሺያ ይዛ መውጣቷን እየሳቀች ነገረችን። ስለ ወንድሟ ስንጠይቃት ሳቋ ተገታ። ሱዳን ቀርቷል፤ ከአቡ ሐመድ አልወጣም። እጁ መዶሻ መያዝ ስላቃተው አሁን ሌሎች የተዉትን ካርታ እያጠበ ይኖራል አለችን።